ስክሪኑ 2 ዲግሪ ይላል፣ ከኋላ ያለው ካርቶን 9 ዲግሪ! ማንን ልመን?

ስምሪት_ክፍል (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ማቀዝቀዣ ያላቸው የጭነት መኪኖችን ስምሪት የምይዝ ነኝ። ሥራው ላይ ገና አዲስ ነኝ። ተሳቢዎቻችን 13.6 ሜትር ናቸው። ማሽኑ ከፊት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በራሱ ናፍጣ የሚሠራ ነው።

በቅርቡ እንጆሪ ጫንን፤ 12 ቶን ገደማ። ማሽኑ 2 ዲግሪ ላይ ተደረገ። ሹፌሩ በቆመበት ሁሉ የስክሪኑን ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል። ሁሌም 2 ነው፣ ቢበዛ 2.5። ጠዋት ላይ ስልኬ ጮኸ። ተረካቢው በሩን አስከፍቶ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ካርቶን ውስጥ ቴርሞሜትር ሰክቷል፤ 9 ዲግሪ። መሃል ላይ 7። ማሽኑ ስር ያለው ግን 3። "አልረከብም" አለና በሩን አዘጋው።

ከዚያ ወዲህ መሃል ላይ ተወጥሬ ነው ያለሁት። ላኪው "መኪናችሁ አያቀዘቅዝም፤ እኔ ያስረከብኳችሁ ከቀዝቃዛ መጋዘን አውጥቼ ነው" ይላል። መካኒኩ አይቶ "ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ጋዙም ሙሉ ነው" አለ። ሹፌሩ ፎቶዎቹን ደርድሮ ይምላል። ሦስቱም እንዴት ልክ ይሆናሉ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ቦልት10

ሴንሰሩ ተበላሽቷል። አስቀይሪው። አለቀ።

ናፍጣና_በረዶ

ቦልት10 ወንድሜ፣ ሴንሰር መጠርጠር ክፋት የለውም። ግን ከመቀየር በፊት መፈተን ይቀድማል። የተፈጨ በረዶና ትንሽ ውሃ ኩባያ ውስጥ አድርጎ ሴንሰሩን መንከር ነው። ትንሽ ቆይቶ 0 ላይ ከረጋ ጤነኛ ነው። ደግሞስ ሴንሰሩ ቢዋሽ ኖሮ ከፊት ያለው ካርቶን እንዴት 3 ይሆናል?

እህቴ፣ ማንም አልዋሸሽም። ሦስቱም ያዩትን ነው የነገሩሽ፤ ያዩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

እኔ እነዚህን ማሽኖች ስጠግን ነው የኖርኩት። "አያቀዘቅዝም" ተብለው ከሚመጡልኝ መኪኖች የብዙዎቹ ማሽን ደህና ነው። የታመመው ሌላ ቦታ ነው። ያንቺም እንደዚያው ይመስለኛል፤ ምልክቱ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል እያቸው፤ ከፊት 3፣ መሃል 7፣ ከኋላ 9። ማሽን ሲደክም ከፊትም ይሞቃል፣ ስክሪኑም ያሳብቃል። እዚህ ግን ቀዝቃዛው አየር ኋላ ድረስ አልሄደም።

ተሳቢ ውስጥ አየሩ የራሱ መንገድ አለው። ማሽኑ ቀዝቃዛውን አየር ከላይ ይነፋል። አየሩ ጣሪያውን ታክኮ ኋላ በር ድረስ ይሄዳል። እዚያ ይወርድና በወለሉ ቦይና በፓሌቶቹ ስር አድርጎ ወደ ፊት ይመለሳል። ከፊት ግድግዳ በታች በኩል ማሽኑ መልሶ ይስበዋል። (የመርከብ ኮንቴይነር የዚህ ተቃራኒ ነው። ከወለል ይነፋል፣ ከላይ ይስባል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አጫጫን የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ እግዜር ይይላቸው።)

ስክሪኑ ላይ የምታይው ቁጥር የዚህ አየር ሙቀት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ የመጣው አየር ነው የሚለካው፤ የሚወጣውንም የሚለኩ ማሽኖች አሉ። እንጆሪው ውስጥ የተሰካ ሴንሰር ግን የለም።

እንግዲህ መንገዱ ቢዘጋስ? አየር ሰነፍ ነው። አቋራጭ ካገኘ ኋላ ድረስ አይለፋም። ካርቶኑ ጣሪያ ነክቶ ከተደረደረ፣ የተነፋው አየር ከመጀመሪያዎቹ ፓሌቶች ጋር ይላተምና እዚያው ወርዶ ተመልሶ ይሳባል። ማሽኑም የገዛ ትንፋሹን መልሶ እየለካ "ቤቱ ሁሉ 2 ዲግሪ ሆኗል" ይላል። ከዚያ ያርፋል። ሹፌሩ ፎቶ ያነሳል። ከኋላ ያለው እንጆሪ በሙቀቱ ያድራል።

ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1882 ዱነዲን የምትባል የሸራ መርከብ ከኒውዚላንድ ፖርት ቻልመርስ ተነስታ በረዶ የሆነ ሥጋ ጭና 98 ቀን ተጉዛ ለንደን ገባች። መንገድ ላይ አየሩ መጋዘኑን በደንብ አልዞር አለ። ካፒቴኑ ዊትሰን ራሱ አየር ማስተላለፊያው ውስጥ ተሳበና ተጨማሪ ቀዳዳ በመጋዝ ከፈተ። እዚያው ደንዝዞ ሊቀር ሲል በገመድ ጎትተው አወጡት። ለንደን ሲደርሱ ወደ 5,000 ከሚጠጋው በድን የተጣለው አንድ ብቻ ነበር። ልብ በይ፤ ሰውዬው ማሽኑን አልነካካም። መንገዱን ነው የከፈተው።

ስለዚህ ማሽኑን ለጊዜው ተይውና ሹፌሩን እነዚህን ጠይቂልኝ። ካርቶኑ ግድግዳው ላይ ካለው ቀይ መስመር በላይ ወጥቶ ነበር? ጣሪያው ላይ የሚንጠለጠለው የሸራ አየር ማስተላለፊያ ደህና ነው ወይስ ተቀዷል? ፓሌቶቹ ከፊት ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ነበር? ወለሉ ቦይ ውስጥ ፕላስቲክና የካርቶን ቁራጭ አለ?

አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። እንጆሪው ሲጫን ስንት ዲግሪ ነበር? የላኪውን ወሬ አይደለም የምልሽ፣ የተለካ ቁጥር።

ስምሪት_ክፍል

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ሹፌሩን ደወልኩለት። ሸራው ከመሃል ጀምሮ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፤ ፎርክሊፍት ነው የቀደደው አለኝ። ጫኞቹ አንድ ረድፍ ለመጨመር ካርቶኑን ጣሪያ ድረስ ደርድረውታል። ፓሌቶቹ ዙሪያቸውን በፕላስቲክ ተጠቅልለዋል። ወለሉን አላየም።

ሲጫን የተለካ ቁጥር የለም። ሰነዱ ላይ "2°" ተብሎ ተጽፏል፤ እሱ ግን ማሽኑ ላይ የሚሞላው ቁጥር ነው መሰለኝ። አለቃዬ ደግሞ "በቃ፣ ሲነሳ ከዜሮ በታች 3 ላይ አድርጉት፤ ከኋላ ያለውም ይበርዳል" ይላል። ይሠራል?

ክትባት_ክፍል

በእግዚአብሔር! ያንን አታድርጉ።

የኔ ሥራ ክትባት ማከማቻ ነው። እንጆሪ ላይ ባለሙያ አይደለሁም፤ ይሄ "ይበልጥ ካቀዘቀዝነው ይበልጥ ይጠበቃል" የሚባል ነገር ግን በእኛም ቤት ስንቱን አጥፍቷል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ሁሉም የሚፈራው 8ን ነው። 2ን የሚፈራ የለም። ሄፓታይተስ ቢ እና ቴታነስ ያለባቸው ክትባቶች ግን አንዴ በረዶ ከሆኑ አለቀላቸው። ቀልጠው ሲታዩ ደህና ይመስላሉ፤ አቅማቸው ግን የለም። ጥርጣሬ ሲኖር ብልቃጡን እንወዘውዝና ሆን ብለን በረዶ ካደረግነው ሌላ ብልቃጥ ጎን እናቆመዋለን። በረዶ ሆኖ የነበረው ቶሎ ይዘቅጣል፣ ከታችም ይረጋል።

ለዚህ ነው በረዶ ከፍሪዘር አውጥተን ቀጥታ የማንጠቀመው። የበረዶ ከረጢቱ ውጭ ይቆያል። ጆሮ አስጠግተን ስንነቀንቀው ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ነው ወደ ክትባት ሳጥን የሚገባው። አዲስ የመጡ ልጆች "ይሄ ሁሉ ምን ያስጠብቃል?" ይሉኛል።

ሌላው ተመሳሳይ ነገር ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት ላይ መለጠፍ የጀመረው ማለቴ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ካሬ በሙቀት እየጠቆረ ይሄዳል። ከዙሪያው ክብ ጋር እኩል ከጠቆረ ይጣላል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሙቀትን ብቻ ነው የሚናገረው። ብርድ የገደለውን ክትባት "ደህና ነው" ብሎ ያሳልፈዋል። ስክሪናችሁም ሳይመሳሰል አይቀርም፤ የሚለካውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ናፍጣና_በረዶ

ክትባት_ክፍል ጨርሰሽልኛል። እንጆሪ ከዜሮ በታች 0.8 ገደማ ላይ በረዶ መሆን ይጀምራል። ማሽኑን ከዜሮ በታች 3 ላይ ብታደርጉት፣ አየሩ የሚያገኘው ያው የፊቱን ካርቶን ነው። ከፊት ያለው በረዶ ይሆናል፣ ከኋላ ያለው ያው ይሞቃል። አሁን ከመሃል ወደ ኋላ ያለውን ነው ያጣችሁት፤ ያኔ ሁለቱንም ጫፍ ታጣላችሁ። ለአለቃሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪው፤ ቁጥሩን መቀነስ የተዘጋ መንገድ አይከፍትም።

ሸራው ነገሩን ጨርሶልናል። ያ ሸራ ጌጥ አይደለም። አየሩን ኋላ በር ድረስ ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ከመሃል ከተቀደደ አየሩ መሃል ላይ ይፈሳል። ጣሪያ የነካ ካርቶን ሲጨመርበት ደግሞ መሃልም አይደርስ። አዲስ ሸራ ከአንድ የተመለሰ ጭነት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ፓሌቱን ዙሪያውን በፕላስቲክ መጠቅለልን በተመለከተ ለበረደ ሥጋ ወይም ለአይስክሬም ግድ የለም። እሱ ከዜሮ በታች 18 ላይ ደርቆ ነው የሚገባው፤ አየሩ ዙሪያውን ካቀፈው ይበቃዋል። እንጆሪ ግን ሕይወት አለው። ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ሙቀት ያወጣል። በ10 ዲግሪ ያለ እንጆሪ በ0 ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ ይተነፍሳል። ስለዚህ አየሩ በካርቶኑ ቀዳዳ በኩል ውስጥ ገብቶ ያንን ሙቀት ይዞ መውጣት አለበት። በፕላስቲክ ከታፈነ የራሱን ሙቀት ታቅፎ ነው የሚሄደው። ፓሌቱ እንዳይፈርስ ከሆነ ማዕዘኑን በካርቶን ደግፎ በጠፍር ማሰር ይቻላል።

አሁን ስለ መጫኛ ሙቀት። "ሰነዱ ላይ 2 ተጽፏል" ያልሽው የጭነቱ ሙቀት አይደለም፤ ትክክል ገምተሻል። እስቲ እንጆሪው 12 ዲግሪ ሆኖ ተጭኖ ነበር እንበል። መጫኛ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ከቆየ ይሄ የተጋነነ አይደለም። ማሽኑ ወደ 2 ያወርደዋል?

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኪሎ እንጆሪ አንድ ዲግሪ ለማውረድ 3.9 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። 12,000 ኪሎ በ10 ዲግሪ ለማውረድ 468,000 ኪሎጁል። ይሄ 130 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማሽኑ በዚህ ሙቀት ላይ 10 ኪሎዋት ያወጣል እንበል። ከዚህ ላይ በግድግዳ የሚገባው ሙቀት ይቀነሳል። የተሳቢው ዙሪያ ወደ 150 ካሬ ሜትር ነው። ፎሙ ጥሩ ሆኖ፣ ውጭ 30 ዲግሪ ከሆነ፣ 1.7 ኪሎዋት ያህል ይገባል። የቀረው 8.3 ነው። 130ን በ8.3 ስታካፍይው ከ15 ሰዓት በላይ። የእንጆሪው ትንፋሽ ገና አልተቆጠረም። ደግሞ ይሄ ሁሉ አየሩ እያንዳንዱን ካርቶን በእኩል ካገኘው ነው፤ እሱ ደግሞ በየትኛውም መኪና አይሆንም።

የመኪና ማሽን የተሠራው የቀዘቀዘውን ቀዝቅዞ እንዲቆይ ለማድረግ ነው። የሞቀን ለማቀዝቀዝ አይደለም። ማቀዝቀዝ ከመጫን በፊት፣ ካርቶኑ ውስጥ በግድ አየር በሚስብ ትልቅ ፋን፣ መጋዘን ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። ላኪው ይሄን ሳይሠራ "መኪናችሁ አያቀዘቅዝም" ካለ፣ የራሱን ሥራ ለማሽንሽ እየሰጠ ነው። ሠርቶት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ያሳይ።

የሌሊት_ሹፌር

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ስለኛም አንድ ሰው ይናገር እንጂ!

ሹፌር ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ሲደረደር አያይም ወይ ትላላችሁ። ብዙ ቦታ አያስገቡንም። "መኪናህን አስጠጋ፣ ቁልፍህን ስጥ፣ እዚያ ቁጭ በል" ነው። ሲጨርሱ በሩ ተዘግቶ፣ ማሸጊያው ገብቶ፣ "ፈርም" ይሉሃል። ምን ብዬ ነው ያላየሁትን የምፈርመው? ካልፈረምክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትቆማለህ።

እኔ አሁን የማደርገው፣ ከፊርማዬ ጎን በእጄ እጽፋለሁ፤ "ሲጫን አላየሁም፣ የጭነቱ ሙቀት አልተለካልኝም።" አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ግን ይቺን ሲያይ ዝም ብሎ ይሄድና ቴርሞሜትር ያመጣል።

ሌላው ማሽኑ እየሠራ በር ከፍቶ መጫን። ጫኞች "ይብረድ፣ ተወው" ይላሉ። እኔ አጠፋዋለሁ። ቀድሜ ባዶውን ሳጥን አበርደዋለሁ፣ በሩ ሲከፈት ማሽኑን አጠፋለሁ፣ በሩ ሲዘጋ አስነሳለሁ። ለምን እንደሆነ ጋሼ ይንገሯችሁ፤ እኔ በልምድ ነው የማውቀው።

ናፍጣና_በረዶ

ተባረክ። ማሽኑ በር ተከፍቶ ሲሠራ ፋኑ የውጭውን ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። እርጥበቱ ቀዝቃዛው ጥቅልል ቱቦ ላይ ሄዶ በረዶ ሆኖ ይለጠፋል። በሩን ዘግተህ ስትነሳ ገና ከመጀመሪያው አየር ማለፊያው በበረዶ ተደፍኗል። ከዚያ ማሽኑ በረዶውን ለማቅለጥ ማቀዝቀዙን ያቆማል፤ ጭነቱ ከሁሉም ይበልጥ ብርድ በሚፈልግበት ሰዓት ማለት ነው።

ሹፌሩን ስለ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ማሽኑ ያለማቋረጥ ነበር የሚሠራው ወይስ እየተነሳ እየጠፋ? ናፍጣ ለመቆጠብ እየተነሳ የሚጠፋበት አሠራር አለ። ለበረደ ሥጋ ጥሩ ነው። ለፍራፍሬ ግን ሲጠፋ ፋኑም አብሮ ይቆማል፣ አየሩም ይቆማል፣ ፍሬው ግን መተንፈሱን አያቆምም። ለእንጆሪ ያለማቋረጥ ይሥራ። የናፍጣውን ሒሳብ ላኪው ላይ ቀድሞ መጨመር ነው።

ተረካቢ_ነኝ

በሌላው ወገን ያለሁት እኔ ነኝ፤ "አልረከብም" የሚለው ሰውዬ። (ያንቺው አይደለሁም፣ አትደንግጪ።)

ስለ አለካክ ልናገር። ስንት ጸብ የሚነሳው ሁለት ሰው በሁለት ዓይነት ነገር ለክቶ ነው። በጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትር የካርቶኑን ወይም የፕላስቲኩን ፊት ነው የሚለካው። የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ ጭራሽ የማይሆን ቁጥር ይሰጣል። እኔ እሱን የምጠቀመው የትኛው ፓሌት እንደሚያጠራጥር ለማየት ብቻ ነው። ለመወሰን የሚሰካውን እጠቀማለሁ። ማሸጊያ መክፈት ካልተፈለገ በሁለት ካርቶን መሃል ጠበቅ አድርጎ አስገብቶ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ፍሬ ውስጥ መሰካት ካለበት፣ የተሰካው ፍሬ ይጣላል፣ መርፌውም በየመሃሉ ይጸዳል።

ደግሞ በሩን ከፍቼ የመጀመሪያውን ካርቶን ብቻ ለክቼ መኪና አልመልስም። በሩ ላይ ያለው ሁሌም ይሞቃል። ከኋላ፣ ከመሃል፣ ከፊት፣ ከላይም ከታችም አያለሁ። ያንቺ ተረካቢ ከፊት ድረስ ሄዶ መለካቱ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እሱ ባይለካው ጋሼ መልሱን ከየት ያመጡት ነበር?

ትናንሽ መዝጋቢዎች አሉ፤ በየደቂቃው ሙቀት የሚጽፉ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከመጨረሻው ረድፍ ካርቶን ውስጥ ክተቱ። ከተቻለ ላኪው ፊት፣ ሲጫን ጀምሮ ይብራ። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ 11 ካሳየ ወሬው አለቀ፤ ሞቆ ነው የተጫነው። ሲጫን 3 ሆኖ ሌሊት ከወጣ ደግሞ መኪናችሁ ነው። የስክሪን ፎቶ ግን ለኔ ማስረጃ አይሆነኝም። ይቅርታ ለሹፌሮች።

ስምሪት_ክፍል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሹፌሩ አረጋግጦልኛል፤ ማሽኑ እየተነሳ እየጠፋ ነበር የሚሠራው። "ናፍጣ ቆጥቡ" ተብሎ ነው። ሸራው እየተቀየረ ነው። ለላኪው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ ከአሁን በኋላ ሲጫን የተለካ የጭነት ሙቀት ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ መኪና አይነሳም። አለቃዬ ፊቱን አጠቆረ፣ ግን ፈረመ።

የመጨረሻ ጥያቄ። አለቃዬ አንድ ያገለገለ ተሳቢ ሊገዛ ነው። "ማሽኑ አዲስ ነው፣ ሰዓቱ ትንሽ ነው" ይላል ሻጩ። ጋሼ፣ ምን እንይ?

ናፍጣና_በረዶ

ሳጥኑን እዩ። ማሽን ይቀየራል፣ ሳጥን ግን አይቀየርም። ሁሉም ሰው ማሽኑን አስነስቶ ድምፁን ሰምቶ ይገዛል፤ ሳጥኑን ዞሮ የሚያይ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጎኑ ላይ ከላይ በኩል "ኤፍአርሲ" የሚል ሰማያዊ ፊደልና ከስሩ ወርና ዓመተ ምሕረት ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በጄኔቫ በተፈረመው፣ የሚበላሹ ምግቦችን ማጓጓዝ በሚመለከተው የኤቲፒ ስምምነት የተፈተነ ነው። ፊደሉ በረዶ የሆነ ጭነት እንዲይዝ ተፈትኖ ማለፉን ይናገራል። ለዚያ የግድግዳው ሙቀት ማስተላለፍ በካሬ ሜትር በአንድ ዲግሪ ከ0.40 ዋት መብለጥ የለበትም። ከታች ያለው ቀን ምስክር ወረቀቱ የሚያልቅበት ነው። ካለፈ፣ እንደገና ለምን እንዳልተፈተነ ጠይቁ።

ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ ይግባና በሩ ይዘጋበት። ቀን፣ ፀሐይ ላይ። (ውጭ ያለው ሰው የሚታመን ይሁን።) በበሩ ጎማ ዙሪያ ብርሃን ከታየ በዚያው በኩል ሙቀት ይገባል። የበር ጎማ ርካሽ ነው፤ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ ምክንያት አይደለም። ወለሉ ላይ ያሉትን የውሃ መውጫዎች እዩ፤ ከታች ያለው የጎማ ክዳን ከሌለ አየር ከመንገድ ይስባል።

ግድግዳውን በጣት ኳኳ አድርጉት። ሳጥኑን ሁሉ ዞራችሁ። የተቦረቦረና የተጠገነ ቦታ ድምፁ ይለያል። ፎርክሊፍት የወጋው፣ ብሎን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ውሃ መግቢያ ነው። ፎም ውስጥ ውሃ ከገባ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ አለ ይባላል እንጂ አያሞቅም፣ የኛ ደግሞ አያቀዘቅዝም። በማየት አይታወቅም። ማሽኑ ብቻ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ናፍጣው ያልቃል፣ እናንተም መካኒክ ትቀያይራላችሁ።

ማሽኑን ያው አስነሱት። ባዶውን ሳጥን ከዜሮ በታች 20 ድረስ ያውርድ፣ በረዶ የማቅለጥ ሥራውንም አንዴ ሠርቶ ይመለስ። ቺንጊያውን፣ ቱቦዎቹ ላይ የዘይት ላብ መኖሩን እዩ። ዘይት ያለበት ቦታ ጋዝ ያመልጣል። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ፍሬድሪክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የመኪና ማቀዝቀዣ ሲሠራ ትልቁ ራስ ምታቱ የመንገዱ መንቀጥቀጥ ነበር፤ እስከ ዛሬም ቱቦ የሚሰነጥቀው እሱ ነው። ሰሌዳው ላይ የጋዙን ዓይነት አንብቡ። አር 404ኤ ከሆነ፣ አየር ንብረትን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 3,900 እጥፍ የሚከፋ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ የኪጋሊ ስምምነት በኋላ በየአገሩ እየተቀነሰ ነው። ወደፊት ጋዙን መሙላት እየከበደ ይሄዳል። አር 452ኤ ያለው ይሻላል፤ እሱም መልአክ አይደለም።

በመጨረሻ ሳጥኑን ባዶውን ሚዛን ላይ አውጡት። ሲመረት የነበረው ባዶ ክብደት ሰሌዳው ላይ አለ። የተጨመረ መሣሪያ ሳይኖር በመቶዎች ኪሎ ከከበደ፣ ትርፉ ፎም ውስጥ ያለ ውሃ ነው። ሻጩ "ሚዛን ምን ያደርጋል?" ብሎ ካንገራገረ ሌላ ተሳቢ ፈልጉ።